እናቴ የምትነሳበት ፍራሽ

ከእናቴ የወረስኩት ሁለት ነገር ነው፤ ምላስና ክብደት። ምላሱን ጽሑፍ ላይ አውለዋለሁ። ክብደቱ ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ ለምንም ጠቅሞኝ አያውቅም ነበር። አሰላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከሰላምታው ቀጥሎ «አሁንስ አበዛኸው» ይለኛል። ወፍራም ሰው የራሱን ውፍረት ከሌላ ሰው አፍ ካልሰማ የማያውቅ ይመስል።

እናቴን ግን እንዲህ ብሎ የደፈራት የለም። ዕድሜዋን ሙሉ እህል ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፤ ከኢተያና ከሲሬ የሚመጣውን ስንዴና ገብስ ገዝታ ወደ አዳማ እየጫነች ነው እኔንና እህቴን ያሳደገችን። በእሷ ዓለም የሚከብድ ነገር ሁልጊዜ ከሚቀልለው ይሻላል። ቀላል ስንዴ ማለት ዝናብ ያጠረው ስንዴ ነው። ሰውንም በዚያው ሚዛን ትመዝናለች። አባቴ ቀጭን ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ወቅቱ ያልሰመረለትን አዝመራ እንደምታይ በሐዘኔታ ታየው ነበር።

ይህች ሴት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ማለዳ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት።

አልታመመችም። ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ቆይቷል፤ ቢሆንም አንዴ ከቆመች ትሄዳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች፣ የጎረቤት ልጆች ትቆጣለች። ያቃታት ከመኝታዋ መውጣት ብቻ ነበር። ፍራሹ መሃል ለመሃል ጎድጉዷል። በጎኗ ልትዞር ስትሞክር ጉድጓዱ መልሶ በጀርባዋ ያጋድማታል። ዳሩን ተመርኩዛ ልትቀመጥ ስትል ዳሩ ከእጇ ሥር ይሰምጣል።

«እስኪ ና» ብላ ጠራችኝ።

አንገቴን አቀፈች፣ እኔም ብብቷ ሥር ገባሁ፣ እያቃሰትን አንድ ላይ ቆምን። እንደቆመች ነጠላዋን አስተካክላ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር «ለእህትህ እንዳትነግራት» የሚል ነበር።

እህቴ ታላቄ ናት፤ አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ ይቀልልን ነበር። እናታችን ብቻዋን ከእኔ ጋር መኖሯ ያሳስባታል፤ «ብቻዋን ከእኔ ጋር» የሚለው አነጋገር የእሷ ነው። አባታችን የሞተ ጊዜ እናቴን ይዣት ልሂድ ብላ ነበር። እናቴም በነፍስ አባቷ ፊት «በራሴ መነሳት ያቃተኝ ቀን እመጣለሁ፤ እስከዚያ ግን ከቤቴ አልወጣም» አለቻት። እንዲህ ያለው ቃል ለሌላ ሰው ወሬ ነው። ለእናቴ ግን የእህል ዋጋ ተስማምቶ እጅ እንደመማታት ነው፤ ማግስቱን ገበያው ቢገለበጥም የተባለው ተብሏል።

እናቴ የአዳማን ሙቀት አትችለውም። የጭላሎ ተራራን ብርድ ስትለምድ ያረጀች ሴት ናት። ደግሞ ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ። በእነዚያ ጉልበቶች ያንን ደረጃ አንዴ ትወጣዋለች፤ የምትወርደው ሌሎች ሰዎች ተሸክመዋት ነው፣ ለመቼ እንደሆነ ደግሞ ግልጽ ነው። ይህንን ሦስታችንም እናውቃለን። ጮክ ብሎ የተናገረው ግን የለም።

ስለዚህ በየማለዳው ማንሳት ጀመርኩ። ክረምቱን ሙሉ እየዘነበ፣ ቆርቆሮው እየተንኳኳ፣ እኔ በቁምጣ እሷ በሌሊት ልብሷ ተቃቅፈን እንታገላለን። ከዚያ ስልክ ይደወላል። «ደህና ነኝ ልጄ፣ አሁን ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ» ትላታለች እናቴ። ውሸት አይደለም። ማን እንዳነሳት ብቻ ነው ያልተጠቀሰው።

የሚያሳዝነው ነገር ፍራሹን የገዛችው እህቴ መሆኗ ነው። በመኪና አስጭና ያመጣችልን ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያይ መጥቷል። ወፍራም ነው፣ አበባ የተጠለፈበት ነው፣ ከፍታው እናቴ ልትወጣበት ስትል በቅሎ የምትፈናጠጥ ያስመስላት ነበር። መጪው ሁሉ በየተራ በቡጢው እየተጫነ «ውይ፣ ደመና ነው» ይላል። እናቴም እንዳይቆሽሽ ብላ ለብዙ ጊዜ ላስቲኩን አላወለቀችም፤ በተገላበጠች ቁጥር ከግድግዳው ወዲያ ሰው ብስኩት የሚፈታ ይመስለኝ ነበር።

በአገራችን ፍራሽ የሚመረጠው በቡጢ ነው። ገዢው ሱቅ ይገባል፣ አንድ ሁለቴ ይጫናል፣ አብሮት የመጣውም ይጫናል፣ ተያይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቡጢ ደግሞ ወገብ የለውም፣ ዳሌ የለውም፣ ጉልበቱን አያመውም። የሚተኛበት ሰው እዚያው ጋደም ብሎ ልሞክረው ቢል ነውር ነው፤ በተለይ ሴት ከሆነች፣ በተለይ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ በተለይ ደግሞ አገር የሚያውቃት ከሆነች። በዚህ የተነሳ የዕድሜያችንን ሲሶ የምንጥልበትን ነገር ከአንድ ኪሎ ቲማቲም ባነሰ ጥንቃቄ ገዝተን እንሄዳለን። ቲማቲሙን እንኳ አገላብጠን እናያለን።

መጀመሪያ የሞከርኩት ርካሹን መንገድ ነው። ጥፋቱ የአልጋው እንዳይሆን ብዬ ፍራሹን አንስቼ ርብራቡን አየሁ። ሁለቱ ጣውላዎች ጎብጠው ነበርና አናጺ ጠርቼ አስቀየርኩ፣ በመሃላቸውም ተጨማሪ አስገባሁ። ፍራሹን ስመልሰው ጉድጓዱ እዚያው ከነግርማው ተቀምጧል። ቀጥሎ የማዳበሪያ ጆንያ ገለባ ሞልቼ ከጉድጓዱ ሥር ከተትኩ። በማግስቱ እናቴ «ግመል ላይ ነው ያሳደርከኝ» አለችኝ። ጋቢ አጥፌ ደረብኩ፤ ጋቢው እሷን ተከትሎ ሰመጠ።

በልማዴ ማንበብም ጀመርኩ። አንዱ ለከባድ ሰው ጠንካራ ፍራሽ ግድ ነው ይላል። ሌላው ጠንካራው ትከሻና ዳሌ ይጎዳል፣ መካከለኛው ይሻላል ይላል። ሦስተኛው ሁለቱም ተሳስተዋል ብሎ የራሱን ፍራሽ ይሸጣል። ሁሉም የሚስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ሥዕላቸው ላይ የተኛው ሰው ቀጭን ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖም ፈገግ ይላል። እኔ በሕይወቴ ተኝቶ ፈገግ የሚል አዋቂ ሰው አላየሁም። ከዚያ ሁሉ ንባብ የተረፈኝ ትንሽ ነው። ውፍረትና ጥግግት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አየር የበዛበት ስፖንጅ የቱንም ያህል ቢወፍር ከባድ ሰው አየሩን አስተንፍሶ ይጨርሰዋል። ደግሞ ሰው የሚነሳው ከመሃል ሳይሆን ከዳር ስለሆነ፣ ሲቀመጡበት ዳሩ መቆም አለበት፣ እግርም መሬት መንካት አለበት። ይኸው ነው። የቀረው ጥጥ የለበሰ ማስታወቂያ ነው።

መስከረም ሲጠባ ወገቤ ለምኖኝ እናቴን በባጃጅ ወደ ዋናው መንገድ ይዣት ወረድኩ። የኋላውን መቀመጫ ለብቻዋ ያዘች፤ እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተለጠፍኩ። አቀበቱ ላይ ባጃጁ ሲያጓራ ሾፌሩ «ሱታ፣ ሱታ» ይላል፤ ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው፤ ለእናቴ ይሁን ለሞተሩ አልገባኝም። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ እናቴ አልወርድም አለች።

«እማዬ፣ ውረጂና ሞክሪው እንጂ።»

«ምን ብዬ ልሞክረው?»

«ተኝተሽበት።»

ፍርድ ቤት ቆሜ የመሰከርኩባት ይመስል አየችኝ። «እዚህ? በአደባባይ? የገበያው ሰው ሁሉ እያየኝ ልጋደም? ገና ሳልሞት!»

«ታዲያ በምን እናውቃለን?»

«አንተ ተኛ» አለች። «ምን ለየን? አንተ እኔን ታክላለህ።»

እውነቷን ነው። እንዲያውም ከእሷ ሳልበልጥ አልቀርም። ክብደቴ ከተወለድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ።

ባለሱቁ ወጣት ነው፤ የዘመመውን ባጃጅ አይቶ ወደ በሩ ወጣ። «አካም ጅርታ ሃርሜ» ብሎ በኦሮምኛ እናቴን ሰላም አላት፤ ሃርሜ ማለት እናቴ ማለት ነው። እሷም በዚያው ቋንቋ መለሰችለት፤ የከብቱንና የልጁን ደህንነት ጠየቀችው፣ ከብትም ልጅም እንደሌለው ነገራት፣ ለምን እንደሌለው ጠየቀችው። ይህ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ለእሳቸው ነው? ይሄውልህ፣ ይሄ ለሙሽራ የሚሄድ ነው። ንካውማ። ደመና!»

«ደመና አለን» አልኩት። «ከደመናው መውረድ ነው ያቃተን። ጠንካራ የምትለውን አምጣ።»

ጫማዬን ልፈታ ጎንበስ ስል ከባጃጁ «ካልሲህን እንዳታወልቅ!» የሚል ድምፅ መጣ። ተኛሁ። በጀርባዬ፣ ከዚያ በጎኔ፣ ከዚያ በሌላው ጎኔ። በጎኔ ስሆን ዳሌዬ የሥሩን ጣውላ ነካ፤ ይሄኛው ቀረ። ሁለተኛው ላይ ተኛሁ፤ መሃሉ ጥሩ ነው፣ ዳሩ ላይ ስቀመጥ ግን አንሸራትቶ ወለሉ ላይ ሊያስቀምጠኝ ነበር። በዚህ መሃል በሩ ላይ ሰው መቆም ጀምሯል። አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ አንገቱን አስገብቶ «ምነው፣ ቤት አባረሩህ እንዴ?» አለኝ። ሌላው ከኋላው ሆኖ «ተወው፣ ጽሑፍ እያሰበ ነው» አለ።

«ዝም በላቸው፣ ተኛ!» አለች እናቴ ከባጃጁ። «ዘወር በልና ተነሳ! እንደ እኔ ተነሳ!»

«እንደ አንቺ እንዴት ነው?»

«ጉልበትህን እንደሌለ አድርገው!»

ጉልበቴን እንደሌለ አደረግሁት። ይህ አሰላ ዋና መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአርባ ዓመቴ በኋላ ያደረግሁት ነገር ነው። በጎኔ ዞሬ እግሬን አወረድኩ፣ በክርኔ ዳሩን ገፋሁ። ሦስተኛው ፍራሽ ላይ ዳሩ ቆመ። ክርኔ አልሰመጠም፤ ወገቤ ሳያቃስት ተቀመጥኩ። ተነስቼ የተኛሁበትን ዞር ብዬ ሳይ ቦታው ተመልሶ ሞልቷል፤ እዚያ ሰው ተኝቶ እንደነበር የሚናገር ነገር የለም። ጠርዙን ይዤ ላነሳው ስሞክር ከሁለቱ ወፋፍራሞች በላይ ከበደኝ። እናቴ ፊቴ ሲቀላ አይታ «ጎሽ» አለች።

ባለሱቁ አፈረልን። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሆስቴል ነው። ቀጭን ነው፣ ቀለሙም አመድ ነው። ለእሳቸው አይመጥንም፣ ሰው ቢያየው...»

«ማን ያየዋል? አንሶላ አይለብስም?»

«እኔ አየዋለሁ» አለች እናቴ።

በመጨረሻ ተገዛ። በጋሪ ተጭኖ ከባጃጁ ኋላ ተከተለን፤ እናቴ ጎረቤት እንዳያየው በአንሶላ አስሸፍናው ነበር። አስከሬን የምናመጣ መስሏቸው ሁለት ሴቶች ከግቢያቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መከራ ነበሩ። «መሬት ነው» ትላለች፤ «ዳሌዬን ገደልከው» ትላለች፤ «የእህትህ ይሻል ነበር» ትላለች። እኔም የተሳሳትኩ መስሎኝ፣ ያነበብኩትን ሁሉ ደግሜ እያነበብኩ፣ ራሴን መሳደብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ አንድ ማለዳ ከእንቅልፌ ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል። የጠራኝ የለም። ደንግጬ ወደ ክፍሏ ስሮጥ አልጋው ባዶ ነው። ጓሮ ወጣሁ። እናቴ በጋቢ ተጠቅልላ ውርጩ ላይ ቆማ የጎረቤትን ዶሮ ጎመኔን በላህ ብላ ትሰድባለች።

«ማን አነሳሽ?» አልኳት።

«ምን ማለት ነው ማን አነሳሽ?» አለች፣ ክረምቱን ሙሉ ስታቅፈኝ እንዳልነበር። «እኔ አልጋ ላይ የቀረሁበት ቀን አለ?»

ወደ ውስጥ ገብቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደስታ ነው የምለው ነገር አልነበረም። ለብዙ ጊዜ የተሸከምከውን ጆንያ ስታወርድ ትከሻህ ባዶ መሆኑን ለማመን ጊዜ ይፈልጋል፤ እንደዚያ ያለ ድካም ነበር።

የቀረው አሮጌው ፍራሽ ነው። ልጣለው አልኳት። «የልጄን ስጦታ?» አለች። ቢያንስ ስፖንጁን ቆራርጠን ትራስ እናድርገው አልኳት። «የልጄን ስጦታ በቢላዋ?» ጓሮ በኩል ባለችው ትንሽ ክፍል፣ በአባቴ አሮጌ አልጋ ላይ ተዘረጋ። «ለእንግዳ ይሆናል» አለች። ቤታችን እንግዳ ካደረበት ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ እህቴ መጣች። ያልጠበቅናት አይደለችም፤ ያልጠበቅነው አመጣጧን ነው። ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዛለች። በሩ አጠገብ አቆመችው፤ ስለ ሻንጣው ማንም አልጠየቀም። ከእራት በኋላ እናቴን እያየች «ነገ አብሬሽ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ስትነሺ ቀስቅሺኝ» አለች። ገባኝ። ልታይ ነው የመጣችው።

እኔ ደግሞ አልፈራሁም ነበር። ፍራሹ አለ። ነገ ማለዳ እናቴ በጎኗ ትዞራለች፣ በክርኗ ትገፋለች፣ ትቀመጣለች፤ ሻንጣውም ባዶውን ይመለሳል። ተረጋግቼ ሻዬን እጠጣ ነበር።

እናቴ የታጠበ አንሶላ ይዛ ብቅ አለች። «ልጄ፣ የእኔ አልጋ ላይ ትተኛለሽ። እኔ ጓሮ ክፍል እተኛለሁ።»

ሻዬን አስቀመጥኩ። «እማዬ፣ ለምን እሷ ጓሮ ክፍል አትተኛም?»

«እንግዳ ናታ!» አለች። «እንግዳ ጥሩው አልጋ ላይ ነው የሚተኛው።»

«እኔም የራሴን አልጋ ልልቀቅላት እችላለሁ።»

«የአንተን? ወንደላጤ የተኛበት ላይ?» ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ነካህ? ለእህትህ አልጋ ትሰስታለህ?»

እህቴም አየችኝ። «እንዴ፣ አንተ! አንድ ሌሊት እኮ ነው።»

ምን ልበል? በዚያኛው ላይ ከተኛች አትነሳም ልበል? እህቴ ከአዳማ ድረስ ልትሰማው የመጣችውን አንዱን ዓረፍተ ነገር በገዛ አፌ ላቀብላት? ለእናቴ በዓይኔ ለመናገር ሞከርኩ። እናቴ የገባት ይመስለኛል፤ አንድ አፍታ አንሶላውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ግን ክብሯ ከጉልበቷ በለጠባትና ሄደች። ልጇን፣ ከሩቅ የመጣች ልጇን፣ ጎድጓዳ ላይ አስተኝታ እሷ ደህናው ላይ የምትተኛ ሴት አይደለችም። እንዲህ ሆነን ነው የተሠራነው፤ ለራሳችን ደክመን ያገኘነውን ደህና ነገር ሰው በመጣ ቁጥር ለመጣው ሰው እንለቃለን፣ በዚያም ማግስት ወገባችንን ይዘን እንኮራለን።

የእሑድ ማለዳ ገና ጎህ ሲቀድ የጓሮ ክፍሏ አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። አንድ ጊዜ። ሌላ ጊዜ። ከዚያ ዝም። በእግር ጣቴ እየሄድኩ ገባሁ። እናቴ በጀርባዋ ጉድጓዱ ውስጥ ነበረች፤ የሚታየኝ ሆዷና ሁለት እጆቿ ናቸው።

«ዝም በል» አለች በሹክሹክታ። እኔ የተናገርኩት ነገር አልነበረም።

«አንገቴን ያዢ።»

«ይዣለሁ። ቀስ... አይ፣ አይ፣ ጉልበቴ!»

መለስኳት። የአባቴ አልጋ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ማለቱ ለእኔ ወገብ አልሆነም። በሁለተኛው ሙከራ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሰን ሁለታችንም ተመልሰን ወደቅን፤ እኔ በእሷ ላይ ላለመውደቅ በክርኔ ግድግዳውን ያዝኩ። እናቴ መሳቅ ጀመረች። አፏን በነጠላዋ አፍና፣ ሆዷ እየተንቀጠቀጠ። «ይኸው» ትላለች፣ «ይኸው የተማረ ልጅ...»

«ምን እየሆናችሁ ነው?»

እህቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለቤተ ክርስቲያን ተዘጋጅታ።

ሳቁ ቆመ። እናቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እህቴ እኔን ገፋ አድርጋ «እስኪ እኔ ልያዛት፣ አንተ አታውቅበትም» አለችና ከአጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጉድጓዱ እሷንም ተቀበላት። እህቴ እንደ እኔ ባትወፍርም የእናቷ ልጅ ናት። ተንሸራታ ከእናቴ ጎን ገባች፤ እግሮቿ ተነሱ፤ ልትነሳ ዳሩን ስትገፋ ዳሩ ከእጇ ሥር ጠፋ። እንደገና ገፋች። ተነፈሰች። ወደ እኔ እጇን ዘረጋች።

ጎትቼ አወጣኋት። ከዚያ አንዱን ክንድ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን እናቴን አወጣናት። ሦስታችንም እያለከለክን ቆምን። እህቴ ፍራሹን አየችው። አበባውን አወቀችው።

«ይሄ እኔ የገዛሁልሽ ነው?»

ስፖንጁን በእጇ ዳሰሰች፤ በቡጢ አይደለም፣ በመዳፏ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። «መቼ ነው እንዲህ የሆነው? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንቺ ያደርሽበት አዲስ ፍራሽ ነው» አልኳት። «እሷ በራሷ የምትነሳው ከእሱ ላይ ነው። ትናንት ለአንቺ ለቀቀችልሽ።»

እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ገበያ ቀን ቀጥ ብላ ቆማለች። «ዝም በል አንተ» አለች። ከዚያ ወደ እህቴ ዞራ «ቃሌ ቃል ነው። ዛሬ ሰው አንስቶኛል። ሻንጣሽን አምጪው» አለቻት።

በዚያች ቅጽበት የነበረኝን ድካም ለመግለጽ አልሞክርም። ክረምቱን ሙሉ ማንሳቱ፣ ሱቅ ውስጥ በሕዝብ ፊት መጋደሙ፣ ሁሉም ለዚህ ነበር። ብቀጥል የምከራከረው ከእናቴ ኩራት ጋር ነው፤ ከእሱ ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም።

እህቴ ቀስ ብላ አልጋው ዳር ልትቀመጥ ቃጣትና ትዝ ሲላት ተወችው። «እኔንም እኮ አነሳኝ» አለች።

«ምን?»

«እኔንም ሰው አነሳኝ። አሁን፣ ፊትሽ። እኔስ ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

እናቴ አሰበች። በእህል ገበያ አንድ ነጋዴ ያልጠበቀችው ዋጋ ሲጠራባት የምታሳየው ፊት ነው፤ ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን ሰብስባ። ከዚያ «ልበሺ፣ ቅዳሴው አመለጠን» ብላ ከፊታችን ወጣች።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እህቴ ወገቧን ይዛ ነበር። «ያኛውም ቢሆን ድንጋይ ነው፤ ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁ» አለችኝ። እናቴ አዲሱ ፍራሽ ላይ ትንሽ ጋደም ልበል ብላ ተኛች። እህቴ ቡና እንደምታቀርብ ሆና ክፍሏ ውስጥ ቆየች። እናቴ ስትነሳ አየቻት፤ በጎን፣ እግር ወደ ታች፣ በክርን። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ መሃል ላይም አንዴ ቆም አለች። እህቴ ግን ከጀበናው አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም። ከሰዓት በኋላ ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። በር ላይ «ክረምት ሲገባ እናያለን» አለችኝ። እናያለን። ፍራሽ ቢገዛም ጉልበት አይገዛም።

ሸኝቻት ስመለስ አሮጌውን ፍራሽ ከጓሮ ክፍል እየጎተትኩ ወደ ደጅ አወጣሁት። እናቴ በመስኮት አየችኝ፤ «የልጄን ስጦታ» አላለችም።

«እንግዳ ቢመጣስ?» አለች።

«እንግዳው የኔ አልጋ ላይ ይተኛል። እኔ ሶፋው ላይ።»

«የአንተም እኮ ጎድጉዷል።»

ቀና አልኩ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ማለዳ ስትነሳ ስታቃስት እሰማሃለሁ» አለች። «ክረምቱን ሙሉ እኔ ስጠራህ ለምን ትዘገይ እንደነበር ያላወቅኩ መሰለህ? ነገ ባጃጅ ጥራ። እኔ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ አንተ ትተኛለህ።»

«ነገ» አልኳት። ገብቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ለመነሳት አልቸኮልኩም።